የተተወ የድንጋይ ካባ ላይ ዕፅዋት እንዴት እንደሚመጡ ለመከታተል

ከሃና ማርያም አለፍ ብሎ ባለ አንድ የድንጋይ ካባ ለ11 ዓመት ሰዓት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። የትኛው ግድግዳ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተቆረጠ ደብተሬ ላይ አለ። ካባው በ2006 ሲዘጋ ደብተሩን ልጥለው ነበር። እንኳን አልጣልኩት፤ ዛሬ ሥራዬ ሁሉ የሚጀምረው ከሱ ነው።

ነገሩን ያስተዋልኩት ስለ አላስካው ግሌሸር ቤይ ሳነብ ነው። እዚያ ባሕረ ሰላጤውን ሞልቶ የነበረው የበረዶ ግግር ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሸሽቷል። ከበረዶው ጫፍ ተነስቶ ወደ ባሕሩ የሚወርድ ሰው ዕድሜ እየቆጠረ የሚሄድ ያህል ነው፦ መጀመሪያ ራቁት ጠጠር፣ ቀጥሎ ድራያስ የሚባል መሬት ላይ የሚነጠፍ ተክል፣ ከዚያ የአልደር ቁጥቋጦ፣ ራቅ ሲል የስፕሩስ ደን። የኛም ካባ እንደዚያው ነው። የ1996ቱ ግድግዳ መንገዱ ዳር፣ የ2006ቱ ከውስጥ።

ስለዚህ መጀመሪያ ዕድሜውን አጣሩ። ደብተር ከሌለ ዘበኛውን ወይም ድንጋይ ፈላጮቹን ጠይቁ፤ «ልጄ በተወለደ ዓመት እዚህ ጋ ድማሚት አፈነዳን» ዓይነት መልስ ይበቃል። ከክረምት በኋላ ግን ግድግዳ ሥር አትቁሙ፤ ድንጋዩ ይላቀቃል። ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ካለም ልጆች ይዛችሁ አትሂዱ።

ቀጥሎ በየዕድሜው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ካሬ ለዩ። ዊሊያም ኩፐር የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1916 ግሌሸር ቤይ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። እኔ በ2010 ማዕዘኖቹ ላይ ፌሮ ቸክዬ ነበር፤ በወሩ ቁራሌው ነቅሎ ወሰደው። አሁን ማዕዘኑ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ነው፤ ፎቶውንም ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ቆሜ አነሳለሁ። በዓመት ሁለቴ ቁጠሩ፦ ጥቅምት ላይ፣ ክረምቱ ያበቀለውን፤ የካቲት ላይ፣ በጋው ያስተረፈውን። የየካቲቱ ቁጥር ያሳዝናል፣ እውነተኛው ግን እሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ቁጢጥ ማለት ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የድንጋይ ሽበት (ድንጋይ ላይ እንደ ቅርፊት ተለጥፎ የሚያድገው) ይመጣል፣ ከዚያ ሣር፣ ከዚያ ዛፍ ብሎ በሰልፍ ያስባል። የኔ 2006 ግድግዳ ላይ ለዓይን የሚሞላ ሽበት የለም፤ እምቧጮ ግን አለ። ጣት የምታስገባ ስንጥቅ ውስጥ ነው የበቀለው። ስንጥቁ ነፋስ ያመጣውን አቧራ ይይዛል፣ ጥላ አለው፣ የሸረሪት ድርም አለበት። በረዶ በሸሸበት መሬትም ሸረሪቶች ብዙ ጊዜ ከዕፅዋት ቀድመው ይደርሳሉ፤ ነፋስ የሚያመጣቸውን ትንንሽ ነፍሳት እየበሉ ይኖራሉ። ገልባጭ መኪና የደመደመው ወለል ላይ ግን አሁንም ምንም የለም። ዘሩ ሳይደርሰው ቀርቶ አይደለም፤ የሚሸሸግበት ስለሌለው ነው።

ማገጥ ካገኛችሁ አንዷን ብቻ ከነሥሯ በጥንቃቄ ንቀሉ። ሥሯ ላይ የመርፌ ራስ የሚያህሉ እባጮች አሉ። አንዱን በጥፍራችሁ ፍረጡት፤ ውስጡ ሮዝ ከሆነ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እየያዙ ነው። አላስካ ላይ አልደርም በሌላ ዓይነት ባክቴሪያ እየታገዘ ይህንኑ ይሠራል፤ ከሥሩ ያለው አፈር ይለማል።

ይሁንና ቀድሞ የበቀለው ለሚቀጥለው ተክል ሁልጊዜ መንገድ ይጠርጋል አትበሉ። ከ100 ዓመት በኋላ የኩፐር ካሬዎች እንደገና ተገኝተው ሲታዩ፣ ምን እንደሚበቅል በአብዛኛው የወሰነው መጀመሪያ ማን ዕድል ቀንቶት ደረሰ የሚለው ነበር፤ ቀድሞ የያዘው ሌላውን አላስገባም ብሏል።

መሬቱን ማገዝ ለምትፈልጉ፣ የኔን ስህተት አትድገሙ። በ2009 ክረምት 40 የባህር ዛፍ ችግኝ ወለሉ ላይ ተከልኩ፤ ጥር ላይ ሦስት ቀሩ። በቀጣዩ ሰኔ በዶማ ወለሉን ፈንቅዬ፣ ድንጋይ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ከቁልቁለቱ በኩል ደረደርኩና የክትክታ ዘር በተንኩ። ጎርፉ ያመጣው ደለል እዚያ ቀረ። ክትክታውን ፍየል ብዙም አይደፍረውም፤ ዛሬ ወገቤ ይደርሳል፤ ከሥሩ ማንም ያልዘራው ማገጥና ሰርዶ አለ።

ባለፈው ጥቅምት ስቆጥር አንድ እረኛ ልጅ መጣና፣ «ጋሼ፣ ሦስተኛው ካሬ ውስጥ የነበረችውን እኮ ፍየሌ በላቻት» አለኝ፤ እንደምቆጣው እየጠበቀ። ቀኑን ጠየቅኩትና ደብተሬ ላይ አሰፈርኩ፦ ካሬ 3፣ ማገጥ አንድ፣ በፍየል ተበላች።