ቡችላው ሳይመጣ ቤቱ ይዘጋጅ

የመጀመሪያ ቡችላዬን ያመጣሁት በካርቶን አድርጌ፣ ያለ ምንም ዝግጅት ነበር። ገና ወር እንኳ በቅጡ አልሞላውም። ወተት ሰጠሁት፣ ተቅማጥ ያዘው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ እኔም አብሬው ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። እናንተ እንዲህ አታድርጉ።

መጀመሪያ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገሩ። ውሻው የሚያድረው ቤት ውስጥ ነው ወይስ ግቢ? እናታችሁ «ውሻ ቤት ውስጥ? በስመ አብ!» የሚሉ ከሆነ፣ ስምምነቱ ሶፋው ላይ ከወጣ በኋላ ሳይሆን አሁን ነው የሚያስፈልገው። አንዱ እያቀፈ አልጋ ላይ የሚያወጣው፣ ሌላው በመጥረጊያ የሚያባርረው ቡችላ ምኑን ይማራል? ማን እንደሚያበላው፣ ማን እንደሚያጸዳለት፣ ሥራ ስትሄዱ ከማን ጋር እንደሚውል ቁርጡን እወቁ። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ለጎረቤት ቀድማችሁ ንገሩ፣ የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ጩኸት አይቀርም።

ቀጥሎ ዕድሜውን አጣሩ። ቡችላውን የሚሰጣችሁ ሰው «ይበላል እኮ፣ ውሰዱት» ቢላችሁም 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አትለዩት። ከወንድሞቹ ጋር ሲታገልና ሲነካከስ ነው ንክሻውን መመጠን የሚማረው። ሰውየውን ካላመናችሁት የቡችላውን አፍ ከፍታችሁ እዩ። በዚያ ዕድሜ 28ቱም የወተት ጥርሶች አብዛኛውን ጊዜ ወጥተዋል።

ቤቱን በተመለከተ ከጉልበታችሁ በታች ያለው ሁሉ የሱ ነው ብላችሁ አስቡ። ቻርጀር፣ የኤክስቴንሽን ገመድ፣ ጫማ፣ በረኪና ይነሣ። የአይጥ መርዝ ካለ ከነጭራሹ ከግቢው ይውጣ። የበሩን ሥር ክፍተትም ድፈኑ። ለመኝታ ካርቶንና አሮጌ ብርድ ልብስ ይበቃዋል፣ ውድ ነገር አትግዙ፣ ያኝከዋል። ከቻላችሁ ግን ከጥቂት ቀን በፊት አንድ ጨርቅ እናቱ ጋ አስቀምጡና ከሱ ጋር አምጡት። ሽታዋ ያረጋጋዋል።

አሁን ወደ ምግቡ። እኛ አገር ውሻ የሚያድገው በትርፍራፊ ስለሆነ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሽሮም ሆነ ሌላ ወጥ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለበት፣ ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ። ቸኮሌትና ዘቢብም መርዝ ናቸው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። በበዓል በግ ሲታረድ ጥሬ ጉበትና ሳንባ መወርወር የለመደብን ነገር ነው፣ ነገር ግን የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል እጭ ሊኖርበት ይችላል። እጩ ውሻው ሆድ ውስጥ ያድግና እንቁላሉ ወደ እኛ ይመለሳል፣ ከዚያ ሰው ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይሠራል። ስለዚህ ቀቅሉት ወይም ቅበሩት። ለመጀመሪያው ሳምንት የለመደውን ምግብ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ስጡትና ቀስ እያላችሁ ቀይሩለት። የላም ወተት ይቅርበት፣ ንጹሕ ውሃ ይበቃዋል።

የእንስሳት ሐኪም ቡችላው ሳይመጣ ፈልጉ። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጀምርና 16 ሳምንት እስኪሞላው በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል። የወስፋት መድኃኒትም አብሮ ይሰጠዋል። እስከዚያ የመንገድ ውሾች የሚመላለሱበት መሬት ላይ አታውርዱት፣ አቅፋችሁ ግን ሰውና መኪና አሳዩት። ፓርቮ የሚባለው፣ ውሻን ደም የሚያስቀምጥ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ግቢያችሁ ውስጥ በቅርቡ ደም ተቀማጥቶ የሞተ ውሻ ካለ፣ ሲሚንቶውን በበረኪና ማጠብ ይቻላል፣ አፈሩን ግን አይቻልም። እንዲህ ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩት።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ12 ሳምንት ጀምሮ ነው። ይህን አትዝለሉ። ትልልቆቹን ጠይቁ፣ ድሮ የተነከሰ ሰው ፓስተር የሚባለው የጤና ተቋም እየተመላለሰ በየቀኑ ሆዱ ላይ ይወጋ ነበር። ምልክቱ አንዴ ከታየ በሽታው ገዳይ ነው። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ፣ የትኛውም ውሻ ቢነክሳቸው ወይም ቢቧጭራቸው እንዳይደብቁ ንገሯቸው። ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥባችሁ ወዲያው ጤና ተቋም ውሰዷቸው።

የሚመጣበትን ቀን ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጠዋት አድርጉት። ቤት ከመግባቱ በፊት ሽንት እንዲሸናበት ወደመረጣችሁት ቦታ ውሰዱት። ከዚያ በኋላ ሲነቃ፣ ሲበላ፣ ተጫውቶ ሲያበቃ እዚያው። ሲሸና አመስግኑት። ምንጣፍ ላይ ከለቀቀው አፍንጫውን አታሹት፣ ለምን እንደሆነ አይገባውም፣ እናንተን መፍራት ብቻ ነው የሚማረው።

ሌሊት ካለቀሰ ካርቶኑን አልጋችሁ አጠገብ አስጠጉት። እናታችሁ ሳያዩ።