የሚንሳፈፈውንና የሚሰጥመውን በሚዛን መለየት

ግንድ ከሚስማር እጅግ ይከብዳል፤ ሆኖም ግንዱ ይንሳፈፋል፣ ሚስማሩ ይሰጥማል። ስለዚህ ክብደትን ብቻ ማወቅ አይበቃም። ዕቃው ቦታ ያስለቀቀው ውሃ ስንት ይመዝናል? ውሃ ዕቃውን ሽቅብ የሚገፋው ልክ በዚያ መጠን ነው። በግራም የሚመዝን የኩሽና ሚዛን ያለው ሰው ይህን በቁጥር ማየት ይችላል።

መጀመሪያ አንድ ድንጋይ ደረቁን ይመዝኑ፤ 270 ግራም ሆነ እንበል። ከዚያ ሰፋ ያለ ዕቃ እስከ ግማሹ ውሃ ሞልተው ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡና ቁጥሩን ዜሮ ያድርጉ። ድንጋዩን በቀጭን ክር አስረው፣ ክሩን ሳይለቁ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪጠልቅ ያውርዱት። ሚዛኑ 100 ግራም ቢያሳይ፣ ውሃው ድንጋዩን በዚያ ልክ ሽቅብ ገፍቶታል፣ ድንጋዩም ውሃውን በዚያው ልክ ቁልቁል መልሶ ገፍቶታል ማለት ነው። 1 ግራም ውሃ 1 ሴንቲ ሜትር ኩብ ስለሚይዝ የድንጋዩ ይዘት 100 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። 270 ለ100 ሲካፈል 2.7 ይሆናል፤ ይህ እፍግታው፣ ማለትም የ1 ሴንቲ ሜትር ኩቡ ክብደት በግራም ነው። ከውሃ እፍግታ፣ ከ1 ስለሚበልጥ ይሰጥማል።

ልኬቱን በብዛት የሚያበላሸው ድንጋዩ የዕቃውን ወለል መንካቱ ነው፤ ያን ጊዜ የራሱ ክብደትም ሚዛኑ ላይ ያርፋል። የተጣበቁ የአየር አረፋዎች ቁጥሩን ከፍ ያደርጋሉ፤ በጣት አብሶ ማስለቀቅ ነው። ቁጥሩ ቀስ እያለ ከወረደ ደግሞ ድንጋዩ ውሃ እየመጠጠ ነው።

አሁን 60 ግራም የሚመዝን እንጨት ያለ ክር ይልቀቁበት። ሚዛኑ 60 ያሳያል፤ ተንሳፋፊ ነገር የሚያስለቅቀው የራሱን ክብደት ያህል ውሃ ብቻ ነውና። በመርፌ ጫፍ ተጭነው ሲያጠልቁት 100 ካሳየ፣ ሲንሳፈፍ 60 በመቶው ከውሃው በታች ነበር። የበረዶ እፍግታ 0.917 ስለሆነ 92 በመቶ ገደማው ይደበቃል።

ግፊቱ ከየት ይመጣል? ውሃ ወደ ታች በተኬደ ቁጥር አጥብቆ ይጫናል። ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ሲጠልቅ፣ ከሥሩ የሚገፋው ኃይል ከላይ ከሚጫነው በ1 ሊትር ውሃ ክብደት ይበልጣል። ኩቡን የበለጠ ማጥለቅ ይህን ልዩነት አይጨምረውም፤ ሁለቱም እኩል ያድጋሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ውሃውን መቀየርም ይቻላል። ትኩስ እንቁላል በንጹሕ ውሃ ይሰጥማል። ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ 70 ግራም ገደማ ጨው ቢሟሟ የውሃው እፍግታ ወደ 1.09 ይደርስና እንቁላሉ ብዙውን ጊዜ ይወጣል። ካልወጣ ጨው ይጨምሩ፤ ከሥር የቀረ ያልሟሟ ጨው አይቆጠርም።

ቅርጽ የሚለውጠውን ለማየት 100 ግራም ፕላስቲሲን (ልጆች ቅርጽ የሚሠሩበት ሊጥ መሰል ነገር) ድቡልቡል አድርገው ይጣሉት፤ ይሰጥማል። ያንኑ በውጭ ልኬቱ 8 በ8፣ ቁመቱ 3 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ያድርጉት። እስከ ጠርዙ ሲጠልቅ 192 ግራም ውሃ ስለሚያስለቅቅ፣ በስሌት 92 ግራም ጭነት ይችላል። በተግባር ግን ከዚያ በፊት ሊያዘነብል ይችላል፤ ውሃ በአንዱ ጠርዝ ከገባ አየሩን ተክቶ ያሰጥመዋል። ጭነቱን መሐል ላይ፣ ዝቅ አድርገው ያስቀምጡ፤ ግድግዳውንም በየጎኑ እኩል ያሳሱ።