የሚያስጨንቅን ነገር ለእግዚአብሔር አስረክቦ መልሶ ላለመውሰድ

«እግዚአብሔርን ታመን እንጂ አትጨነቅ» የሚለውን ምክር ያልሰማ አማኝ የለም፤ ነገሩ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። እኔም ምክሩን በቃሌ ይዤ አሠራሩን ሳላውቅ ብዙ ዓመታት አሳልፌአለሁ። ከዚህ በታች የማቀርበውን ቅደም ተከተል የተማርሁት እየተሳሳትሁ ነው። አብዛኛው ቀላል ነው፤ አንዱ ደረጃ ግን፣ ማለትም ያስረከቡትን ነገር መልሶ አለመውሰድ፣ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ጊዜ ስለሚጠይቅ እዚያ ላይ ቆይተን እንነጋገራለን።

አስቀድሞ የሚጠብቁትን ነገር ማስተካከል ያስፈልጋል። ሰላም ማለት የችግሩ መወገድ ነው ብለው ከጀመሩ፣ ችግሩ በቆየ ቁጥር እምነትዎ እንደ ከሸፈ ይሰማዎታል። ሐዋርያው ጳውሎስ «በአንዳች አትጨነቁ» ብሎ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ እስረኛ ነበር፤ የጻፈላቸውም እስራቱ እንደሚፈታ ሳይሆን የእግዚአብሔር ሰላም ልባቸውንና አሳባቸውን እንደሚጠብቅ ነው። «ይጠብቃል» ተብሎ የተተረጎመው የግሪክኛ ግሥ የዘብ ጥበቃን የሚገልጽ ነው፤ ጳውሎስ ራሱ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ፣ የደማስቆን ከተማ ሊይዙት ያስጠበቁበትን ሁኔታ ሲተርክ ይህንኑ ቃል ተጠቅሟል። ዘብ የሚቆመው ደግሞ አደጋ ባለበት ቦታ ነው።

አንደኛ፦ ደብዳቤውን ይክፈቱት

የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ኢየሩሳሌምን ባስጨነቀ ጊዜ፣ ይኸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 ዓመት ገደማ፣ ለይሁዳ ንጉሥ ለሕዝቅያስ የማስፈራሪያ ደብዳቤ ላከ። ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 እንደሚለው ሕዝቅያስ ደብዳቤውን ተቀበለ፣ አነበበው፣ ከዚያም ወደ ቤተ መቅደስ ወጥቶ በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው። ስብከት ላይ ሁልጊዜ የምንሰማው ስለ መዘርጋቱ ነው። እኔ ግን ትልቁን ዋጋ የከፈልሁት «አነበበው» የምትለዋን ቃል በመዝለሌ ነው።

በአንድ ወቅት ስለ ዕዳ የተጻፈ ደብዳቤ ደርሶኝ፣ ፖስታውን ሳልከፍት «ለጌታ ትቼዋለሁ» ብዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁት። በየቀኑ በአጠገቡ ሳልፍ ሆዴ ይረበሻል፤ እኔ ግን ይህን እምነት ብዬ ሰይሜው ነበር። ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቼ ስከፍተው፣ የጠየቀኝ ነገር ከፈራሁት እጅግ ያነሰ ሆኖ አገኘሁት፤ መልስ መስጫው ቀን ግን አልፎ ስለ ነበር ቀላሉ ነገር ከባድ ሆነ። ያላወቁትን ነገር ማስረከብ አይቻልም፤ ሳያውቁት አስረክበዋል ማለት ከእሱ ሸሽተዋል ማለት ነው። የምርመራ ውጤት ከሆነ ሄደው ይውሰዱት፤ የሰው ቅሬታ ከሆነ ቅሬታው ምን እንደሆነ ይጠይቁ።

ሁለተኛና ሦስተኛ፦ መጻፍና መለየት

እነዚህን ሁለቱን ለየብቻ ማድረግ ስለማይመች አንድ ላይ ያድርጓቸው። ደብተር ይዘው የሚያስጨንቅዎትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ቀኑንም ያኑሩበት። «ስለ ልጄ እጨነቃለሁ» የሚለው በቂ አይደለም፤ «ልጄ ፈተናውን ወድቆ ተስፋ ይቆርጣል ብዬ እፈራለሁ» የሚለው ግን ሊጸለይበት የሚችል ነገር ነው። ስልክ ላይ መጻፍን አልመክርም። ጭንቀቴን ለመመዝገብ ስልኬን ባነሣሁ ቁጥር ሌላ ሦስት የሚያስጨንቅ ነገር አንብቤ ነው የማስቀምጠው።

ከዓረፍተ ነገሩ ሥር ገጹን በመስመር ለሁለት ይክፈሉት፤ በአንዱ ወገን እርስዎ ሊሠሩት የሚችሉትን፣ በሌላው ከእጅዎ ውጭ የሆነውን ያስፍሩ። ሕዝቅያስም የጸለየው እጁን አጣጥፎ አይደለም። ሁለተኛ ዜና ምዕራፍ 32 እንደሚተርከው ከከተማው ውጭ ያሉትን የውኃ ምንጮች አስደፍኗል፣ የፈረሰውን ቅጥር ጠግኗል፤ ከግዮን ምንጭ እስከ ሰሊሆም ኩሬ በዓለት ውስጥ የተፈለፈለውና 533 ሜትር ያህል የሚረዝመው የውኃ መሿለኪያም የእርሱ ዘመን ሥራ እንደሆነ ይታመናል። መሿለኪያ ማስቆፈር የንጉሡ ድርሻ ነበረ፤ የአሦርን ሠራዊት መመለስ ግን ከአቅሙ በላይ ነበረ። የመጀመሪያው ወገን ባዶ ከሆነብዎ ባዶውን ይተዉት፤ በግድ የሚሞላ ነገር መፈለግ ራሱ ሌላ ጭንቀት ነው። የሚሠራ ነገር ካለ ደግሞ ቢያንስ ትንሹን በዚያው ዕለት ይሥሩት።

አራተኛ፦ ማስረከብ

ጸሎቱ ረጅም መሆን የለበትም። የሕዝቅያስ ጸሎት አምስት ቁጥር ብቻ ነው፤ አካሄዱም ሊከተሉት የሚገባ ነው። በመጀመሪያ የሚናገረው ለማን እንደሆነ ያስታውሳል፤ ቀጥሎ «የአሦር ነገሥታት በእውነት አሕዛብን አጥፍተዋል» በማለት የጠላቱን ኃይል ሳያሳንስ ያምናል፤ በመጨረሻም የሚፈልገውን በግልጽ ይለምናል። መካከለኛውን ክፍል መዝለል የለብንም። አስፈሪውን ነገር «ምንም አይደለም» እያልን ብንጸልይ አፋችን የሚናገረውንና ልባችን የሚያውቀውን እናለያያለን። ጳውሎስ «ከምስጋና ጋር» የሚል ጨምሯልና ቀድሞ ከተደረገልዎት ነገር አንዱን በስሙ ጠርተው ያመስግኑ።

ስለ አቋራጮች አንድ ነገር ልበል። መጽሐፍ ቅዱስን በዘፈቀደ ገልጦ ጣት ያረፈበትን ጥቅስ እንደ መልስ መውሰድ፣ ወይም «ይህን ካደረግህልኝ ያን አደርጋለሁ» ብሎ መዋዋል ለጊዜው ያረጋጋል፤ ነገር ግን ሁለቱም ውጤቱን አስቀድሞ በእጅ ለማስገባት የሚደረጉ ሙከራዎች ናቸው። እኔ ሁለቱንም ሞክሬ የተረፈኝ፣ ጥቅሱን በትክክል ተረድቼው ይሆን፣ ውሉንስ ጠብቄው ይሆን የሚል ተጨማሪ ጭንቀት ነው።

አምስተኛ፦ ሲመለስ

ከባዱ ይህ ነው። ማታ አስረክበው ይተኛሉ፤ ሌሊት ከእንቅልፍዎ ሲነቁ ነገሩ ደረትዎ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅዎታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እምነት የለኝም ማለት ነው» ብሎ ያቆማል። የሐሳቡ መመለስ ግን አለማመን አይደለም፤ ተቀብለው የሚያደርጉት ነገር ነው የሚወስነው።

የመጀመሪያዬ ስሕተት ሐሳቡን ለማባረር መታገል ነበር። «አላስብም» ባልሁ ቁጥር የማላስበው ምን እንደሆነ ለማስታወስ እገደዳለሁ። ሁለተኛው ስሕተቴ ከዚህ ይብስ ነበር፤ ምክንያቱም መንፈሳዊ ይመስል ነበር። ሐሳቡ ሲመጣ ተነሥቼ እንበረከካለሁ፤ አንድ ሰዓት ያህል ችግሩን ከላይ እስከ ታች እዘረዝራለሁ፤ ሊመጣ የሚችለውን ሁሉ እደረድራለሁ፤ ከዚያም ከበፊቱ የበለጠ ደክሜና ፈርቼ እተኛለሁ። ወራት ካለፉ በኋላ ነው አደርገው የነበረው ነገር መጨረሻው ላይ «አሜን» የተጨመረበት ጭንቀት መሆኑን የተረዳሁት።

ታዲያ ጸሎትን ከጭንቀት የሚለየው ምንድን ነው? ደጋግሞ መናገር አይደለም፤ ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ ያንኑ ቃል ሦስት ጊዜ ጸልዮአል። እኔ ያገኘሁት መለያ አነጋገሩን ማድመጥ ነው። በጭንቀት ውስጥ የምናገረው እኔ ለራሴ ነኝ፤ «ምን አደርጋለሁ፣ እንዲህ ቢሆንስ፣ ያኔ ምን ይውጠኛል» እያልሁ። በጸሎት ውስጥ ግን «አንተ» የሚል ቃል አለ። መዝሙር 77ን፣ በግእዙ ዳዊት ቆጠራ 76ኛውን፣ በዚህ ዓይን ያንብቡት። እንቅልፍ ያጣው አሳፍ በመጀመሪያው አጋማሽ በአብዛኛው ስለ ራሱ ልቅሶና ስለ ራሱ ጥያቄ ይናገራል፤ ከ11ኛው ቁጥር በኋላ ግን «ተአምራትህ፣ ሥራህ፣ መንገድህ» እያለ ፊቱን ያዞራል። ሁኔታው እንደ ተለወጠለት የሚናገር አንድም ቁጥር የለም፤ የተለወጠው የሚያነጋግረው አካል ነው።

ስለዚህ ሌሊት የማደርገው ይህን ነው። ሐሳቡ ሲመጣ አዲስ ነገር ይዞ እንደሆነ እጠይቃለሁ። አዲስ ከሆነ፣ ለምሳሌ የረሳሁት ሥራ ትዝ ብሎኝ ከሆነ፣ ወረቀት ላይ በአንድ መስመር አስፍሬ ለጠዋት አቆየዋለሁ። ያው የቀድሞው ከሆነ አልከራከረውም፤ አልተነትነውምም፤ «ይህን ማታ በእጅህ አስቀምጬዋለሁ፣ አሁንም በእጅህ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እላለሁ። ቀጥሎም በቃሌ የማውቀውን መዝሙር ቀስ ብዬ እደግማለሁ፤ ባዶ የተተወ አእምሮ ወደ ለመደው መንገድ ይመለሳልና። በአንድ ሌሊት ይህን ዐሥር ጊዜ ማድረግ ቢያስፈልግ ዐሥር ጊዜ ማድረግ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እኔ ከዚያም በላይ አድርጌዋለሁ፤ ቁጥሩ እየቀነሰ የመጣውም በጣም ቀስ ብሎ ነው።

ሐዋርያው ጴጥሮስ «የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉት» ሲል የተጠቀመበት ግሥ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ደቀ መዛሙርቱ ልብሳቸውን በውርንጫው ላይ ስለ መጣላቸው ከተነገረው ጋር አንድ ነው። ልብሱ ከትከሻቸው ወርዶ በሌላ ጀርባ ላይ ሆኗል፤ እነርሱ ግን በመንገዱ አብረው እየሄዱ ነው። ይህ ሥዕል ረድቶኛል፤ ማስረከብ ነገሩን መርሳት ይመስለኝ ስለ ነበር ነው።

ቀን ቀን የሚመጣውን ሐሳብ በተመለከተ የተወሰነ ሰዓት መመደብ ይበቃል። እኔ ከሥራ በኋላ 15 ደቂቃ ሰጥቼዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ሲመጣ «ሰዓትህ አልደረሰም» እለዋለሁ።

ሐኪም ስለሚያስፈልገው ጊዜ

እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ከቀጠለ፣ ልብዎ ያለ ምክንያት በኃይል የሚመታና ትንፋሽ የሚያጥርዎት ከሆነ፣ ወይም መኖር ካስጠላዎት፣ ይህን ጽሑፍ ትተው ዛሬውኑ ሐኪም ያማክሩ። ይህን እምነት ማጣት አድርገው የሚያዩ ሰዎች ምክር ጎጂ ነው ብዬ አምናለሁ። ኤልያስ «ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ከዛፍ ሥር በወደቀ ጊዜ እግዚአብሔር ወዲያውኑ አልወቀሰውም፤ መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ አበላው፣ አጠጣውም፤ በመካከሉም ተኝቷል። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስድስተኛ፦ ደብተሩን መልሶ ማንበብ

በወር አንድ ጊዜ የጻፉትን ከመጀመሪያው ያንብቡ፤ ነገሩ ምን እንደ ሆነም በጎኑ በሌላ ቀለም ይጻፉ። ብዙዎቹ ፈጽሞ ያልደረሱ ሆነው ያገኟቸዋል፤ አንዳንዶቹ ግን ደርሰዋል፣ እነርሱንም ሳይሸፋፍኑ ይመዝግቡ። በእኔ ደብተር የፈራሁት ሆኖ ያለቀስሁባቸው ገጾች አሉ፤ ከሥራቸው የጻፍሁት በዚያ ሰሞን ማን እንደ ደገፈኝና እንዴት እንዳለፍሁት ነው። ከሁሉ የቆየው ገጽ ደግሞ ጎኑ እስከ አሁን ባዶ ነው። ሌላውን ቀለም ይዤ በየወሩ እደርስበታለሁ፤ የማታዋን አንድ ዓረፍተ ነገር እደግምና ወደሚቀጥለው ገጽ አልፋለሁ።