በፎክስፕሮ ወረፋ የያዙ ቁልፎች ያስከተሉትን የተዛባ ምዝገባ እንዴት እንዳስተካከልሁ

በአንድ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ዛሬም የሚሠራበት፣ የመረጃ ሠንጠረዦችን ለማስተዳደር በሚያገለግለው የቆየ የፕሮግራም ቋንቋ በፎክስፕሮ 2.6 የተጻፈ ፕሮግራም የዕለቱን ወጪ ዕቃዎች «ኪቦርድ» በተባለው ትእዛዝ ራሱ እየተየበ ይመዘግባል። ትእዛዙ ፊደሎቹን በቀጥታ ወደ ሠንጠረዡ አያስገባም፤ ግብዓት የሚጠብቅ ቅጽ እስኪያነሣቸው ድረስ በማቆያ ቋት ያሰልፋቸዋል።

አንዳንድ ሌሊት ከዕቃ ቁጥር 4071 መቀነስ የነበረበት ብዛት ከ071 ተቀንሶ ይገኝ ነበር። የምትጎድለው ሁልጊዜ የመጀመሪያዋ አኃዝ መሆኗ ፍንጭ ሰጠኝ። ሌላ ተጠቃሚ መዝገቡን ቆልፎ ሲገኝ ስሕተት 109 ይነሣል፤ ስሕተት ሲነሣ ምን እንደሚደረግ የሚወስነው «ኦን ኤረር» ትእዛዝ የሚጠራው ንዑስ ፕሮግራምም «ለመቀጠል ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ» ብሎ ይቆማል። የሚጫን ሰው ባይኖርም ከሰልፉ ፊት ያለችው 4 እንደ መልስ ተቆጥራ ትበላለች፤ ማንም መልእክቱን ሳያየው የቀሩት አኃዞች ወደ ቅጹ ያልፋሉ።

በመጀመሪያ በንዑስ ፕሮግራሙ ራስ ላይ ቋቱን የሚያጸዳውን «ክሊር ታይፕአሄድ» ትእዛዝ ጨመርሁ። የተሳሳተው ምዝገባ ቆመ፤ ነገር ግን ቋቱ ሲጸዳ ያልተመዘገቡት ዕቃዎችም አብረው ጠፉ፤ ይህ በእኔ ግምት ከፊተኛው የከፋ ነበር። ስለዚህ የወጪ ዕቃዎቹን ዝርዝር ከቋቱ አውጥቼ «ተመዝግቧል» የሚል ምልክት ባለው ሠንጠረዥ አስቀመጥሁት፤ ፕሮግራሙም እያንዳንዱን መዝገብ በ«አርሎክ» ቆልፎ በ«ሪፕሌስ» በቀጥታ እንዲጽፍ፣ መቆለፍ ካልቻለ ምልክቱን ሳይነካ እንዲያልፈውና በሚቀጥለው ዙር እንዲመለስበት አደረግሁ። የስሕተት ንዑስ ፕሮግራሙ አሁን ቁልፍ አይጠይቅም፤ የስሕተቱን ቁጥርና የመስመሩን ቁጥር በጽሑፍ ፋይል ብቻ ይመዘግባል።