ኑዛዜ ሟርት አይደለም፤ አዲስ ለመጣችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች

እንኳን በሰላም አሜሪካ ገባችሁ። ሶሻል ሴኩሪቲው፣ መንጃ ፈቃዱ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ምዝገባ ሲያልቅ ሰው ሁሉ ነገር ያለቀለት ይመስለዋል፣ እኔም መስሎኝ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ወረቀት ሳላዘጋጅ ኖሬያለሁ። እኛ ጋ ስለ ሞት ማውራት ሟርት ነው፣ "ክፉ አታውሩ" ይባላል፣ አውቃለሁ። ግን ልጅ ይዞ ሰው አገር የገባ ሰው ኑዛዜ መጻፉን ባያቆየው ይሻለዋል።

አባቴ ያረፉት መንዝ ነው፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ። እንደደከሙ ሲያውቁት የነፍስ አባታቸውን አስጠሩ፣ መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፎላቸው በርኖሳቸውን ደርበው ቀና አሉ፣ ሁለት ጎረቤት ሽማግሌዎችም ገቡ። "የጓሮው ማሳ ለታናሹ፣ ላሚቱ ለእህታችሁ፣ ሁለት ቁና ገብስ የሰው ብድር አለብኝ እሱን ክፈሉልኝ" አሉ። አንድ ፊደል አልተጻፈም፣ ግን አንድም ሰው አልካደም። እኔ ኑዛዜ ማለት ይሄ ይመስለኝ ነበር። ለካ አገር ቤትም ቢሆን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቃል ኑዛዜን የሚቀበለው ለቀብር፣ ለልጅ ሞግዚትና ለትንሽ ስጦታ ብቻ ነው፣ የአባቴን ቃል ያጸናው የሰዉ እምነት ነበር። እዚህ ደሞ ለቄሱ የነገራችሁትን ዳኛው አያውቀውም።

እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ ሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን ጠይቁ ምክንያቱም ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል። እዚህ ኑዛዜ በጽሑፍ ሆኖ እናንተ ፈርማችሁበት ሁለት ምስክር ደሞ እናንተ ፊት ይፈርምበታል፣ ምስክሮቹ ወራሽ ያልሆኑ ሰዎች ቢሆኑ ጥሩ ነው። ኖተሪ (ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው) ጋ ሄዶ ማህተም ማስመታት ብቻውን ኑዛዜ አያደርገውም። ኖተሪ ደሞ ጠበቃ አይደለም፣ አገር ቤት እንደለመድነው ውል ጸሐፊ አድርጋችሁ እንዳታዩት።

ኑዛዜ ሳይኖር የሞተ ሰው ትንንሽ ልጆች ካሉት ሜሪላንድ ንብረቱን ግማሹን ለትዳር ጓደኛው ግማሹን ለልጆቹ ይከፍለዋል፣ የልጆቹ ድርሻ ደሞ እስኪያድጉ ድረስ የፍርድ ቤት ጣጣ አለው። የኢትዮጵያው ሕግ ሌላ ነው፣ እዛ ኑዛዜ ከሌለ የሚወርሱት ልጆች ናቸው እኩል በኩል፣ ሚስት ወይ ባል የጋራ ንብረቱን ድርሻ ይወስዳል እንጂ ወራሽ አይባልም። ሁለቱም አገር ንብረት ካላችሁ ሁለቱንም ማሰብ አለባችሁ። ባልና ሚስት አንድ ወረቀት ላይ አብረው የሚናዘዙት ደሞ በኢትዮጵያ ሕግ ውድቅ ነው፣ ለየብቻ ጻፉ።

አሁን ዋናው ነገር፣ በጣም የማዝንበት። እድራችን ውስጥ አንድ የይፋት ልጅ ነበር፣ ሥራ ሲጀምር የላይፍ ኢንሹራንሱ (የሕይወት መድኑ) ፎርም ላይ ቤኔፊሻሪ (ብሩን የሚቀበል ሰው) ብሎ ወንድሙን ሞላ፣ ያኔ አላገባም። ከዛ አገባ፣ ሁለት ልጅ ወለደ፣ ፎርሙን ማን ያስታውሰዋል? ድንገት ሲያርፍ ብሩ ለወንድሙ ሄደ። ሚስቱ ሳሎን ውስጥ ያንን ወረቀት ይዛ ፊርማውንና ቀኑን ደጋግማ ስታይ አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም። ኑዛዜ ቢጽፍም አይለውጠውም ነበር፣ እዚህ አገር የላይፍ ኢንሹራንስ ብር የሚሄደው ፎርሙ ላይ ስሙ ወዳለው ሰው ነው። ስታገቡ፣ ስትወልዱ፣ ስትፋቱ በየጊዜው ኤች አር (የመሥሪያ ቤታችሁ ሠራተኛ አስተዳደር) ጋ ሄዳችሁ አስተካክሉት። ትንሽ ልጅን በቀጥታ አትጻፉ፣ ኩባንያው ለሕፃን አይከፍልም፣ ብሩን የሚይዝለት ሰው ወይ ትረስት (ብሩ ለልጁ የሚተዳደርበት ሕጋዊ ዝግጅት) ያስፈልጋል፣ እሱን ጠበቃ ያማክራችሁ።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። የኛ ስም እዚህ ሲገባ ይበጣጠሳል፣ የአባት ስም ገብረ ሥላሴ "ገብረ" መካከለኛ ስም "ሥላሴ" የቤተሰብ ስም ሆኖ ያድራል፣ የልጅና የእናት ስም አይገጥምም፣ የልደት ቀኑም በኛና በፈረንጅ አቆጣጠር ይምታታል። ኑዛዜው ላይ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን ስም ጻፉና ሌሎቹንም አጻጻፎች "በዚህም ስም የምጠራ" ብላችሁ አስገቡ።

ልጆቹን ማን ይይዛል? የክርስትና እናት መሆን በሕግ ምንም ማለት አይደለም። ኑዛዜ ሳትጽፉ ሁለታችሁም ባትኖሩ የሚወስነው እናንተን የማያውቅ ዳኛ ነው፣ ኑዛዜ ላይ ያስቀመጣችሁት ስም ግን ሚዛን ይደፋል። ደብረ ብርሃን ያለችው እህታችሁ ልጆቹን ብትወድም ቪዛና ጉዞ አለ፣ ስለዚህ እዚሁ ያለ ተጠባባቂም ጻፉ።

ስለ ውክልና ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለወንድሙ ውክልና ሰጥቶ "እሱ ይጨርሳል" ይላል። ውክልና ወካዩ ሲሞት አብሮ ይሞታል፣ ደብረ ብርሃን ያለው ቤት ላይ ወንድማችሁ ከዛ በኋላ መፈረም አይችልም። በሕይወት እያላችሁም ቤት ለመሸጥ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፣ መሸጥ እንደሚችል በግልጽ የሚል ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። የገጠሩ መሬት ደሞ አይሸጥም፣ ያለው የይዞታ መብት ነው፣ ደብተሩ በማን ስም እንደሆነ ወረዳው መሬት አስተዳደር ሰው ልካችሁ አስጠይቁ።

ለሐኪም ጉዳይ አድቫንስ ዳይሬክቲቭ የሚባል አለ፣ ራሳችሁን ስታችሁ ሆስፒታል ብትተኙ ማን እንደሚወስንላችሁ የምትጽፉበት። ሜሪላንድ ውስጥ ጠበቃ አያስፈልገውም፣ ሁለት ምስክር ይበቃል፣ የሚወስንላችሁ ሰው ግን ራሱ ምስክር አይሆንም። እኔ እህቴን ነው የጻፍኩት ምክንያቱም ባለቤቴ ሲደነግጥ መናገር ያቅተዋል።

ኑዛዜዬን ሬጅስተር ኦፍ ዊልስ (የኑዛዜ መዝጋቢ) ቢሮ በ5 ዶላር አስቀምጫለሁ። ኮፒው ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ከልጆቹ ክትባት ካርድ ጋር ነው፣ ሌላ ኮፒ ለእህቴ ሰጥቻለሁ፣ እድሩ ሰብሳቢም የት እንዳለ ያውቃል። ደብረ ብርሃን እናቴ ጋ ደውዬ ስነግራት መጀመሪያ ዝም አለች፣ ከዛ "የላሚቱንም ጻፍሽ?" አለችኝ።