የታይሮይድ ሐኪምዎ ሲለቁ፦ አዳማ ሆነው አዲስ ስፔሻሊስት እንዴት እንደሚፈልጉ

6 ዓመት የተከታተሉኝ ሐኪም ከተማ መልቀቃቸውን የሰማሁት ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ነው። «ዶክተር ለቀዋል፤ ሌላ ጋ ላስገባሽ?» አለችኝ ልጅቷ። «እሺ» አልኳት። አዲሱ ሐኪም በደም ምርመራ ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን) ከፍ ብሎ ሲያገኙት የምወስደውን የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን መጠን ጨመሩልኝ። መቼና በምን እንደምውጠው አልጠየቁኝም፤ እኔም ማለዳ በቡና እንደማወራርደው አልነገርኳቸውም። ከወር በኋላ አንዲት ፋርማሲስት «በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ነው እኮ» ብላ አረመችኝ። አረምኩት። ለካ ቡናው የክኒኑን ጉልበት ሲቀንሰው ኖሯል፤ ያኔ የተጨመረው መጠን ትርፍ ሆነ፤ በሳምንታት ውስጥ ልቤ ይደልቅ፣ እጄ ይንቀጠቀጥ፣ እንቅልፍ እምቢ ይለኝ ጀመር። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚሉት ለኔ ተረት አልሆነም።

ከዚያ በኋላ ሐኪም የፈለግኩት እንዲህ ነው።

1. የትኛው ሐኪም እንደሚያስፈልግዎ ይለዩ

ታይሮይድን፣ አንገት ላይ ያለውን ሆርሞን አመንጪ ዕጢ፣ የሚያክም አንድ ዓይነት ሐኪም ብቻ አይደለም። በሆርሞኑ ላይ የሚሠራው ኢንዶክሪኖሎጂስት ነው፤ ሰዉ «የስኳርና የሆርሞን ሐኪም» የሚለው። መጀመሪያ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ሆኖ፣ ከዚያ በላይ ተጨማሪ ዓመታት ሆርሞን የተማረ ሰብስፔሻሊስት ማለት ነው። በአገራችን ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ አብዛኞቹም ያሉት አዲስ አበባ ነው። የአንገት እብጠትን በቀዶ ሕክምና የሚያወጣው ደግሞ ሌላ ነው፤ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት።

ችግርዎ የሆርሞን ማነስ ከሆነ፣ ሌቮታይሮክሲን (የጎደለውን ሆርሞን የሚተካውን ክኒን) እየወሰዱ ውጤትዎ ከረጋ፣ ጥሩ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ይበቃዎታል። ይህን ስል የሚከፋቸው ሰዎች አሉ፤ ትልቅ ስም ያለው ሐኪም ካላየኝ አልድንም የሚሉ። እኔ ግን በየ3 ወሩ ከማላገኘው ዝነኛ ይልቅ አዳማ ላይ በቀጠሮዬ ቀን የሚገኝ ሐኪም እመርጣለሁ።

ኢንዶክሪኖሎጂስት መፈለግ ያለብዎ ሆርሞኑ በዝቶ ከሆነ፣ ዓይንዎ ወደ ውጭ ከወጣ፣ መድኃኒቱን በትክክል እየወሰዱ ውጤቱ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ካረገዙ ወይም ለመውለድ ካሰቡ፣ ወይም የታይሮይድ ካንሰር ታሪክ ካለዎት ነው። አንገትዎ ላይ እብጠት ከወጣ ደግሞ አልትራሳውንድ ይቀድማል፤ ካስፈለገም በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል። ቀዶ ሐኪም ጋ የሚሄዱት ያንን ውጤት ይዘው ነው።

ሐኪም ለማማረጥ ጊዜ የሌለባቸው ሁኔታዎችም አሉ። መተንፈስ ካስቸገረዎት፣ ወይም ሆርሞን የበዛበት ሰው ትኩሳት ይዞት ልቡ እየሮጠ ግራ ከተጋባ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የበዛ ሆርሞን የሚቀንሱትን ፒቲዩ ወይም ካርቢማዞል የሚወስድ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከያዘው «ጉንፋን ነው» ብሎ አይተኛ፤ መድኃኒቱ የነጭ ደም ሴል ሊያወርድ ስለሚችል ክኒኑን አቁሞ በዚያኑ ቀን የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። እርጉዝ ከሆኑም ቀጠሮ አይጠብቁ፤ የመድኃኒቱ ዓይነት ወይም መጠን ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መቀየር ሊኖርበት ይችላል።

2. ፋይልዎን እጅዎ ያስገቡ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ካርድዎ ሆስፒታሉ ጋ ይቀራል፤ እርስዎ ጋ ያለው የተጣጠፈ የላብራቶሪ ወረቀት ነው፣ እሱም ግማሹ ቀለሙ የለቀቀ። ስለዚህ የድሮው ክሊኒክ ሄደው የሕክምና ማጠቃለያ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ። ሐኪምዎ ቢለቁም ካርዱ አለና ሌላ ሐኪም አይቶ ሊጽፈው ይችላል። ማጠቃለያው ሕመሙ ምን እንደሆነና መቼ እንደተገኘ፣ የትኛው መድኃኒት በምን መጠን እንደተሞከረ፣ ቀዶ ሕክምና ወይም የመርፌ ናሙና ካለ ውጤቱን ይያዝ።

የደም ውጤቶቹን እኔ በአንድ ደብተር ገጽ አሰለፍኳቸው፦ ቀን፣ ቲኤስኤች፣ ፍሪ ቲ4 (የታይሮይድ ሆርሞኑ ራሱ ሲለካ)፣ በዚያን ሰሞን የምወስደው መጠን፣ ምርመራው የተሠራበት ላብራቶሪ። ቀኑ ላይ ይጠንቀቁ። አንዱ ላብራቶሪ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ይጽፋል፤ ሳያስተካክሉ ከደረደሩት የ2015 ውጤት ከ2022 በፊት የመጣ ይመስላል። የላብራቶሪው ስም የሚያስፈልገው ደግሞ ጤናማ የሚባለው መጠን ከቦታ ቦታ ትንሽ ስለሚለያይ ነው። ለቲኤስኤች ብዙ ጊዜ ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ተጽፎ ያገኙታል። ቁጥሩ የሚነበበው በተቃራኒው መሆኑንም ልብ ይበሉ፦ ቲኤስኤች ሲወጣ የታይሮይድ ሆርሞን አንሷል፣ ሲወርድ በዝቷል ማለት ነው፤ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር። አክስቴ «ከፍ ብሏል» ሲሏት መድኃኒቱን በገዛ እጇ ቀንሳ ነበር።

የክኒኑን ፓኬት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። 25፣ 50 እና 100 ማይክሮግራም የሚለዩት በጽሑፉ ነው፤ «ትንሿ ነጭ ክኒን» ብሎ ማስረዳት አይቻልም። ከፋርማሲ ሌላ ብራንድ ከተሰጠዎትም ይመዝግቡት።

እግረ መንገድዎን ለ2 ወይም ለ3 ወር የሚሆን ማዘዣ ያስጽፉ። ሐኪም እየፈለጉ መድኃኒት ማቋረጥ አይገባም።

3. ስም ያሰባስቡ

መጀመሪያ የለቀቁትን ሐኪም ይጠይቁ፤ ስልካቸው ካለዎት «ዶክተር፣ ማን ጋ ልሂድ?» ማለት ነውር አይደለም። ቀጥሎ የስኳር ሕመምተኞችን ይጠይቁ። ይህን ዘዴ ያገኘሁት ዘግይቼ ነው፦ ስኳርና ታይሮይድን የሚያየው ኢንዶክሪኖሎጂስት አንድ ሰው ስለሆነ፣ ለዓመታት ክትትል ላይ ያሉ የስኳር ታማሚዎች ማን እንደሚያዳምጥ፣ ማን በ3 ደቂቃ እንደሚሸኝ አንድ በአንድ ያውቃሉ። ፋርማሲስቶችም የማን ማዘዣ በየወሩ እንደሚመላለስ ያያሉ።

በመንግሥት በኩል አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ አለ፤ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት አሁንም ኃይለማርያም ማሞ ይሉታል። የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ስላሉት ብዙው ጉዳይ እዚያው ያልቃል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካለዎት ግን በቀጥታ አይሂዱ፤ ከጤና ጣቢያዎ ጀምረው የሪፈር ወረቀት ይያዙ፤ አለዚያ ወጪው ኪስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

በግል ክሊኒኮች በኩል ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ስፔሻሊስቶች ያጋጥሙዎታል። ጥሩ ዕድል ነው፤ ነገር ግን ረቡዕ ቢያምዎት ማን እንደሚያይዎ ካርድ ሳያወጡ ይጠይቁ።

አያቴ አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት ለእንቅርት የተነቀሰችው እንደሆነ ትነግረን ነበር። የዛሬው ንቅሳት በቴሌግራም ይመጣል፦ «ክኒን የሚያስጥል» ቅጠል፣ የአዮዲን ጠብታ። ትርፍ አዮዲን ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል። መድኃኒትዎን ጣሉ የሚልዎትን ሰው ስም ከዝርዝርዎ ያውጡት።

4. ካርድ ከማውጣትዎ በፊት ይደውሉ

ሐኪሙ የውስጥ ደዌ ነው ወይስ ሰብስፔሻሊስት? በየትኞቹ ቀናት ይገኛል? ለክትትል ስመለስ እሱው ያየኛል ወይስ ተረኛው? ውጤት ለማሳየት ብቻ ስመጣ እንደገና እከፍላለሁ? የመጨረሻዋን ጥያቄ አይዝለሉ፤ ታይሮይድ የዕድሜ ልክ ምልልስ ነው።

5. ለመጀመሪያው ቀጠሮ ይዘጋጁ

ደምዎን ከቀጠሮው ጥቂት ቀን ቀደም ብለው ቢሰጡ ውጤቱን ይዘው ይገባሉ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠውን ባዮቲን የሚወስዱ ከሆነ ውጤቱን ስለሚያዛባ ቢያንስ ለ2 ቀን ያቁሙት። የዕለቱን ሌቮታይሮክሲን ደም ከሰጡ በኋላ ይዋጡት። መጠኑ በቅርቡ ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይሞላ ቲኤስኤች መለካት ብር መጣል ነው፤ ገና አልረጋም።

ከዚያ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ክኒኑን በስንት ሰዓት እንደሚውጡ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ቡናና ቁርስ እንደሚቀምሱ (ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይመከራል)፣ የደም ማነስ ወይም የካልሲየም ክኒን ካለዎት ይንገሩ፤ እነዚህ ከሌቮታይሮክሲን የ4 ሰዓት ርቀት ይፈልጋሉ። ረመዳን የሚጾሙ ከሆነ ሰዓቱን እንዴት እንደሚያዛውሩ ይጠይቁ፤ ከመጨረሻው ምግብ 3 ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲተኙ መውሰድ ለብዙ ሰው ይሠራል።

እርስዎም ሐኪሙን ይመልከቱ። አንገትዎን ዳብሶ ውኃ ያስውጥዎታል? የልብ ምት ይቆጥራል፣ እጅዎን አስዘርግቶ መንቀጥቀጡን ያያል? ደብተርዎን ሲሰጡት ያነበዋል ወይስ ገፋ አድርጎ «አዲስ እንጀምር» ይላል? እኔ አሁን የምከታተላቸው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቁኝ «ጠዋት በምን ነው የምትውጪው?» ብለው ነበር፤ ልስቅ ምንም አልቀረኝም። በሌላ በኩል፣ የሆርሞን ማነስ ብቻ ላለበትና አንገቱ ላይ ምንም ላልተዳበሰ ሰው በየቀጠሮው አልትራሳውንድ የሚያዝ ሐኪም ካጋጠመዎ «ለምን?» ብለው ይጠይቁ። አሳማኝ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ካለው ይነግርዎታል።

6. አዲስ አበባ መሄድ ካለብዎት

ጥቁር አንበሳን በመሰለ ማስተማሪያ ሆስፒታል ለመታየት ሪፈር ይያዙ፤ የቀጠሮው ወረፋ ሊረዝም ስለሚችል አስቀድመው ያስመዝግቡ። መንገዱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ቢሆንና ፈጣን መንገዱ ቢያቀለውም፣ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ያለው ትራፊክ የራሱ ጉዞ ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይነሱ።

የኔ ምክር መመላለሱን መከፋፈል ነው። ኢንዶክሪኖሎጂስቱን በዓመት 1 ወይም 2 ጊዜ ይዩ፤ «አዳማ ላይ በምን ያህል ጊዜ ምን ልለካ? ቁጥሩ ስንት ሲደርስ ልመለስ?» ብለው ያስጽፉ። ጽሑፉን ለአዳማው የውስጥ ደዌ ሐኪም ያምጡለት፤ በመሀል ያለውን እሱ ይዞ ይቆያል።

7. እስከ ሁለተኛው ቀጠሮ አይወስኑ

በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ሐኪም ጨዋ ነው። ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ያለፈውን ውጤት ከአዲሱ ጎን አድርጎ ካስተያየ፣ መጠኑን ለምን እንደለወጠ ወይም እንዳልለወጠ ከነገረዎ፣ ካርድዎን እዚያው ይተዉ። ካርዱን ሳይገልጥ ማዘዣ መጻፍ ከጀመረ ደግሞ ደብተርዎን ይዘው ወደሚቀጥለው ስም ይደውሉ።