ካምቢዮ ማውረጃ ክሪክ፦ ቶኑን ሳይሆን ማዘንበሉን እዩ

ክሪክ ሲመረጥ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ቶን እንደሚያነሳ ነው። ለካምቢዮ (ለማርሽ ሳጥኑ) ግን ክብደት ቀላሉ ጥያቄ ነው። የትንሽ መኪና ማኑዋል ካምቢዮ ከ30 እስከ 50 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የኋላ ጎማ የሚያሽከረክር አውቶማቲክ ከነቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክብ ዕቃ) ከ70 እስከ 100 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል። ግማሽ ቶን የሚያነሳ ክሪክ ሁለቱንም ያለ ችግር ይሸከማል። ሰው የሚቸገረው ክሪኩ ስለማያዘነብል፣ ወለሉ ላይ ስለማይንከባለል፣ በበቂ ዝቅ ስለማይልና በቀስታ ስለማይወርድ ነው።

መኪናው በአራት ካቫሌቶ (የተነሳ መኪና የሚያርፍበት የብረት እግር) ላይ መቆሙን፣ ባትሪው መፈታቱን፣ የካምቢዮው ዘይት ተቀድቶ መውጣቱን እንደተሠራ ቆጥረናል። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ንባቡን ትቶ መጀመሪያ ካቫሌቶ ይፈልግ።

ካምቢዮው ወረደ፣ ከመኪናው ሥር ግን አይወጣም

ምክንያቱ ያልተደመረ ቁመት ነው። ከሞተሩ ጋር የሚገጥመው የካምቢዮው ሰፊ አፍ 42 ሴ.ሜ ቢሆንና ክሪኩ እስከ መጨረሻው ዝቅ ብሎ 20 ሴ.ሜ ቢይዝ፣ ድምሩ 62 ሴ.ሜ ነው፤ ለማለፊያ 2 ሴ.ሜ ሲጨመር የመኪናው የታችኛው ጠርዝ ከወለል ቢያንስ 64 ሴ.ሜ መራቅ አለበት። መኪናውን ከማንሳታችሁ በፊት በሜትር ለኩ። ባለ 3 ቶን ካቫሌቶ አብዛኛውን ጊዜ 42 ሴ.ሜ አካባቢ ላይ ያበቃል። ስለዚህ ወይ ረጅም ካቫሌቶ ያስፈልጋል፣ ወይ ካምቢዮው ከክሪኩ ላይ መውረድ አለበት። ሁለተኛው የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ክሪኩን እስከ ታች አውርዱ፣ ካምቢዮውን በሁለት ሰው ወደ ኮምፔንሳቶ ላይ አንሸራቱት፣ ክሪኩን አውጡና ኮምፔንሳቶውን ጎትቱ። በቁመት 20 ሴ.ሜ ታተርፋላችሁ። በካቫሌቶው ሥር ጡብ ወይም ብሎኬት መደርደር ግን በምንም ምክንያት አይሞከርም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው።

በተለምዶ "የካምቢዮ ክሪክ" ተብሎ የሚሸጠው ረጅሙ ባለ አንድ ምሰሶ ክሪክ ለመኪና ሊፍት የተሠራ ነው። ተጣጥፎ እንኳ ከ80 ሴ.ሜ በላይ ስለሚቆም በካቫሌቶ ለሚሠራ ሰው አይጠቅምም።

ክሪኩ ሲነሳ ካምቢዮው ወደ ጎን ይጋደላል

የተራ ወለል ክሪክ ሰሃን ከመዳፍ ብዙም የማይሰፋ ክብ ብረት ነው፤ የካምቢዮ ክብደት ደግሞ መሃል ላይ አይደለም። የኋላ ጎማ በሚያሽከረክር መኪና ወደ አፉ ያደላል፤ የፊት ጎማ በሚያሽከረክረው ላይ ዲፈረንሻሉ ወዳለበት ጎን ይጎትታል። ሰፊ ሰሃን፣ የሚስተካከሉ አራት ጣቶችና ሰንሰለት ወይም ቀበቶ ያለው ክሪክ ምረጡ። ቀበቶው ከመጨረሻው ቡሎን በፊት ይጠብቅ፤ ቡሎኑ ከወጣ በኋላ ለማሰር እጅ አይተርፍም።

በተራ ክሪክ ላይ የሚሰካው ተጨማሪ ሰሃን ርካሽ መፍትሄ ነው፤ ግን መሰኪያው በክሪኩ ቀዳዳ ውስጥ ልክ መግባት አለበት። ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ካለ ላይ ጫፉ ላይ ብዙ ሴንቲ ሜትር ይወዛወዛል። ሰሃኑ ራሱም ዝቅተኛውን ቁመት ከፍ ያደርገዋል፤ ከላይ ባለው ስሌት ውስጥ ደምሩት።

አውቶማቲክ ከሆነ ክሪኩን በቀጥታ ኮፓው (ከታች ያለው የዘይት መያዣ) ላይ አታሳርፉት። ስስ ቆርቆሮ ስለሆነ ወደ ውስጥ ይሰረጉድና የዘይት መምጠጫውን ይደፍናል። 2 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው፣ የኮፓውን ጠርዝ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጣውላ ጣልቃ አስገቡ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሴንቲ ሜትር አልገባም ይላሉ

በየጊዜው የሚመጣው ይሄ ነው። ካምቢዮው ተነስቷል፣ የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ ፍሪሲዮኑ ውስጥ ገብቷል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ይገፉታል፣ ይነቀንቁታል፣ ይቆጣሉ፤ በመጨረሻ ረጅም ቡሎን አስገብተው በቁልፍ መጎተት ይጀምራሉ። "ጧ" ብሎ ሲጠጋ የገባ ይመስላቸዋል። የተሰማው ግን ቡሎኑ የሚገባበት የአሉሚኒየም ጆሮ ሲሰነጠቅ ነው። አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ የሚጎዳው የዘይት ፓምፑ ነው፤ መኪናው ተነስቶ አልሄድ ሲል ካምቢዮው እንደገና ይወርዳል። ቡሎን የተገናኘን ነገር ማጥበቂያ እንጂ የራቀን ማቅረቢያ አይደለም። ሁለቱ አፎች በእጅ ተገፍተው ካልተነካኩ ቁልፍ አይነሳም።

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ማዕዘን ነው። የኋላው ሱፖርቶ (ካምቢዮውን ከመኪናው አካል ጋር የሚይዘው ድጋፍ) ሲፈታ ሞተሩ በጅራቱ በኩል ዝቅ ይላል፤ የማያዘነብል ክሪክ ደግሞ ካምቢዮውን አግድም ይዞ ያነሳዋል። ሁለቱ ዘንጎች አንድ መስመር ላይ አይደሉም፤ ጥርሱ ጫፉ ላይ ይነክሳል።

መፍትሄው በዓይን ግምት አይሆንም። በሁለቱ አፎች መካከል ያለውን ክፍተት ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ለኩ። ክፍተቱ ከታች ከሰፋ የካምቢዮው ጅራት ከፍ ብሏል፣ ዝቅ አድርጉት። ከላይ ከሰፋ ጅራቱ ወርዷል፣ አንሱት። ግራና ቀኝ ከተለያየ ጅራቱን ክፍተቱ ወደሰፋበት ጎን አዙሩት። ወለል ላይ የሚሠራው ዝቅተኛ የካምቢዮ ክሪክ ለዚህ ሥራ ነው የማዘንበያ ብሎኖች ያሉት፤ አንዱ ለፊትና ኋላ፣ ሌላው ለጎን። ስትመርጡ ሰሃኑ ላይ ከባድ ነገር ጭናችሁ ብሎኑን አዙሩት። ክብደት ሲያርፍበት የማይዞር ወይም እየተንቀጫቀጨ የሚሄድ ከሆነ ተዉት፤ እንዲህ ያለ ዕቃ እየሠሩ የሚሸጡ ሰዎች መኪና ሥር ተኝተው አያውቁም። የሞተሩንም ጅራት በጣውላ በተሸፈነ ሌላ ድጋፍ ያዙት፤ የፊት ጎማ በሚያሽከረክር መኪና ከሞተሩ በላይ ግራና ቀኝ በሚጋደም የድልድይ ብረት አንጠልጥሉት። ሞተሩ እየተንቀሳቀሰ የካምቢዮውን ማዕዘን ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው።

ክፍተቱ ዙሪያውን እኩል ሆኖም ካልገባ ጥርስ ከጥርስ ጋር አልተገናኘም። በማኑዋል ካምቢዮ ማርሽ አስገቡና የመውጫውን ዘንግ በእጅ ቀስ እያላችሁ አዙሩ። ያም ካልሠራ የፍሪሲዮኑ ዲስክ መሃሉን ስቷል፤ ካምቢዮውን አውጥታችሁ ዲስኩን በመሃል ማስያዣ መሣሪያ ዳግም እሰሩት።

አውቶማቲክ ላይ ተጠርጣሪው ቶርክ ኮንቨርተሩ ነው። በብዙዎቹ በሦስት ደረጃ ነው የሚገባው፦ የዘንጉ ጥርስ፣ የስታተሩ (በኮንቨርተሩ ውስጥ የዘይቱን ፍሰት የሚመልሰው ክፍል) ጥርስ፣ የፓምፑ መንጃ። እየገፋችሁ አዙሩት፤ እያንዳንዱ ሲገባ "ጡክ" ይላል፣ ወደ ውስጥም ይሰምጣል። ቀጥ ያለ ብረት አፉ ላይ አጋድማችሁ ጥልቀቱን ለኩና ከመኪናው መጽሐፍ ጋር አስተያዩ። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ከገጠመ በኋላ ኮንቨርተሩ በእጅ በነፃ መዞር አለበት። ካልዞረ ቁሙ፣ ምንም አታጥብቁ። ሲወርድም ሲወጣም ኮንቨርተሩን በሽቦ ወይም በብረት ማገጃ ያዙት፤ ክሪኩ ትንሽ ወደፊት ካዘነበለ ዘይቱን እንደያዘ እግር ላይ ይወርዳል።

አንድ ትልቅ ማቅለያ አለ። ከካምቢዮው ቡሎኖች ጋር ጥርሱ አንድ የሆነ፣ 10 ሴ.ሜ ገደማ የሚረዝም ሁለት ቡሎን ፈልጉ፣ ጭንቅላቱን ቁረጡ፣ ጫፉ ላይ ለካቻቢቴ የሚሆን ስንጥቅ አውጡ። ግራና ቀኝ ሞተሩ ላይ ካሰራችኋቸው ካምቢዮው በእነሱ ላይ ተንሸራቶ ይገባል። ክብደቱም በዘንጉ ላይ አይንጠለጠልም። በዘንጉ ከተንጠለጠለ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን የፍሪሲዮን ዲስኩን መሃል ሊያጣምም ይችላል፤ ሁሉም ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ማርሽ አልገባ ይላል።

ክሪኩ ከፍ ሲል ካምቢዮውን ወደፊት ወይም ወደኋላ ይጎትታል

የወለል ክሪክ ክንድ ቀጥ ብሎ አይነሳም፤ ቅስት እየሠራ ነው የሚወጣው። ሰሃኑ ቦታውን እንዳይለቅ ክሪኩ በጎማው መንከባለል አለበት። አፈር፣ ጠጠር ወይም የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ትንንሾቹን ጎማዎች ይይዛቸዋል። መገጣጠሚያ የሌለው ወፍራም ኮምፔንሳቶ ከሞተሩ ሥር እስከ መውጫው ድረስ አንጥፉ። ሲነሳም በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ ቆም ብላችሁ ክሪኩን አስተካክሉ።

ክሪኩ ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ ወይም በአንዴ ይወድቃል

ሲሰምጥ መጀመሪያ መልቀቂያው ቫልቭ በደንብ መዘጋቱን እዩ። ከተዘጋ ከቫልቩ ሥር ቆሻሻ አለ ወይም የውስጡ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ጎማ) አልቋል። እስከ ላይ አልወጣ ካለ ዘይት አንሷል ወይም አየር ገብቷል። ክንዱን እስከ ታች አውርዳችሁ ዘይቱን ከመሙያው ቀዳዳ ጥቂት ዝቅ እስኪል ሙሉ፤ ቫልቩን ከፍታችሁ 10 ጊዜ ያህል ፓምፕ አድርጉ፣ ዝጉና ሞክሩ። የሃይድሮሊክ ዘይት ብቻ ተጠቀሙ። የፍሬን ዘይት የክሪኩን ሲል ያሳብጠዋል፤ የተለመደ ጥፋት ነው።

በአንዴ ሲወድቅ ምክንያቱ የመልቀቂያው አሠራር ነው። በእግር ሲረገጥ ሙሉ በሙሉ የሚከፈት መልቀቂያ ለካምቢዮ አይሆንም፤ በእጅ እየዞረ ቀስ በቀስ የሚከፍተውን ምረጡ። አዲስም ሆነ አሮጌ ክሪክ ካምቢዮ ሥር ከመግባቱ በፊት ቢያንስ ካምቢዮውን ያህል የሚመዝን ነገር ጫኑበት፣ ቁመቱን በጠመኔ ምልክት አድርጉና ለ15 ደቂቃ ተዉት። ምልክቱ ከወረደ ክሪኩ ወደ ጥገና ይሂድ።